ከጉባኤ ቃና እስከ እንግሊዝኛ ክፍል፦ የዘይቤ ስሞች ታሪክ

ፎረስት ፓርክ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ በኮሎምበስ ሰሜናዊ ክፍል፣ ከመንገድ ቁጥር 161 በስተሰሜን በካርል ሮድና በአካባቢው የሚገኝ የመኖሪያ ሰፈር ሲሆን፣ ኖርዝላንድ ተብሎ በሚጠራው ሰፊ አካባቢ ውስጥ ይካተታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በከንቲባ ሰንሰንብረነር ዘመን የኮሎምበስ አስተዳደር ለአጎራባች መሬቶች የውኃና የፍሳሽ መስመር የሚዘረጋው ወደ ከተማዪቱ ክልል ለመጠቃለል ሲስማሙ ብቻ እንዲሆን በመወሰኑ፣ የእርሻ መሬት የነበረው ሰሜኑ ክፍል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመኖሪያ መንደር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተውና በ2002 የተዘጋው የኖርዝላንድ የገበያ ማዕከልም የዚህ ዕድገት ዋና ምልክት ነበረ። የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግና በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተመሠረተው የዲቪ ዕጣ በሩን ከከፈቱ ወዲህ አካባቢው ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከላቲን አሜሪካና ከእስያ የመጡ ቤተሰቦች በብዛት የሚኖሩበት ሆኗል፤ አዲስ መጤዎችን የሚረዳው ኢትዮጵያን ተዋሕዶ ሶሻል ሰርቪስስ የተባለው ድርጅትም በኮሎምበስ የተቋቋመው በ2000 ነው።

በዚህ ሰፈር የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍሉ ከሚያጋጥሙት ትምህርቶች አንዱ የንግግርንና የሥነ ጽሑፍን ስልቶች በስማቸው ለይቶ ማወቅ ነው። ተማሪው ከአራተኛ ክፍል ገደማ ጀምሮ ቀላል ሲሚሊንና ሜታፎርን እንዲያብራራ ይጠየቃል፤ ክፍሉ ከፍ እያለ ሲሄድ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ሃይፐርቦሊ፣ አይረኒ፣ አሉዥንና ፓራዶክስ ይከተላሉ፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ደራሲው ወይም ተናጋሪው በእነዚህ ስልቶች ምን ሊያተርፍ እንደ ፈለገ መተንተን ይመጣል። ለልጁም የቤት ሥራውን ሊያግዙት ለሚቀመጡት ወላጆቹም እነዚህ ስሞች ፈጽሞ ባዕድ መስለው ይታያሉ። ይሁን እንጂ የቃልን ጥበብ በየስሙ ለይቶ ማስተማር በኢትዮጵያ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ልማድ ስለ ሆነ፣ የሁለቱን ልማዶች ታሪክ ጎን ለጎን አድርጎ መመርመር፣ የት እንደ ተገናኙና ሲገናኙም ምን እንደ ጎደለ ማሳየት ይገባል።

የእንግሊዝኛው ክፍል ስሞች አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን የመጡ ናቸው። በጥንታዊቷ አቴንስ ዜጋው በሸንጎና በፍርድ አደባባይ ራሱ ቆሞ መናገር ስለ ነበረበት ንግግርን ማሳመር ኑሮ የሚጠይቀው ሙያ ሆነ፤ አሪስቶትልም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ሬቶሪክ፣ ማለት የማሳመን ጥበብ፣ በተባለው መጽሐፉ አድማጭ የሚረታባቸውን መንገዶች በሦስት ከፈላቸው፤ እነርሱም የተናጋሪው ተአማኒነት የሆነው ኤቶስ፣ የአድማጩን ስሜት የሚያነሣሣው ፓቶስና የምክንያቱና የማስረጃው ጥንካሬ የሆነው ሎጎስ ናቸው። ሮማዊው ኩዊንቲሊያን በአንደኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአሥራ ሁለት መጻሕፍት ከፍሎ የጻፈው ሥራ ተናጋሪ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዴት እንደሚሠለጥን የሚያሳይ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ትምህርት ቤቶችም ሬቶሪክ ከሰዋስውና ከሎጂክ ጋር ከሦስቱ የመነሻ ትምህርቶች አንዱ ሆኖ ቆየ።

ኦሃዮ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ድርሻ አላት። በኦክስፎርድ ከተማ በሚገኘው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዊልያም ሆምስ ማጉፊ ያዘጋጃቸው የንባብ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1836 ጀምሮ በሲንሲናቲ እየታተሙ በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከሁሉ ይልቅ ከተሠራጩት መማሪያዎች መካከል ሆኑ፤ ወንድሙ አሌክሳንደር ማጉፊም በ1844 ለከፍተኛ ተማሪዎች የሬቶሪክ መምሪያ የተባለውን መጽሐፍ አሰናዳ። በእነዚህ መጻሕፍት የተማረው ልጅ ጽሑፉን ጮክ ብሎ፣ ድምፁን በሚገባው ቦታ ከፍና ዝቅ እያደረገ፣ በክፍሉ ፊት ቆሞ ማንበብና በቃሉ መያዝ ነበረበት። በ20ኛው መቶ ዓመት ግን በለሆሳስ ማንበብና የጽሑፍ ፈተና እየበረቱ በመምጣታቸው የዘይቤ ስሞች ከተናጋሪው አፍ ወጥተው በጥያቄ ወረቀት ላይ ከሀ እስከ መ ከተደረደሩ ምርጫዎች ጋር ተቀመጡ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ያደገው ሥርዓት የቅኔ ቤት ነው። ቅኔ በግዕዝ የሚዘረፍ፣ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መካከል ለዕለቱ በዓል የሚቀርብ፣ አንድ ጊዜ ከተሰማ በኋላ እንደ አዲስ የማይደገም ግጥም ሲሆን፣ በሊቃውንቱ ትውፊት ጀማሪዎቹ የጎንጁ ተዋነይና ዮሐንስ ገብላዊ እንደ ሆኑ ይነገራል። ዋድላ፣ ጎንጅና ዋሸራ ስማቸውን ለቅኔው ስልት እስከ መስጠት የደረሱ ታላላቅ የትምህርት ቦታዎች ነበሩ፤ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስም በጎጃም ከታወቁት ጉባኤ ቤቶች መካከል ናቸው፤ የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰው ነበሩ።

የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ ግሥን ያጠናል፤ ማለት የግዕዝ ግሦችን ከነርባታቸው በቃሉ ይይዛል፤ ከዚያም ከሁሉ አጭር የሆነውንና ሁለት ስንኝ ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና መቁጠር ይጀምራል። ቅኔ መቁጠር ማለት መድረስ ነው፤ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከጎጆው ርቆ በዛፍ ሥር ወይም በመቃብር ቤት አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ቃላቱን በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ሲመሽ ወደ መምህሩ ወይም ወደ አስነጋሪው፣ ማለት መምህሩን ወደሚረዳው ከፍ ያለ ተማሪ፣ ቀርቦ ቅኔውን ይነግራል፤ ስሕተቱ በዚያው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል፤ ባዶ የሆነው ቅኔም ባዶ መባሉ አይቀርም። መምህሩ በበኩሉ የራሱን ቅኔ ይዘርፋል፤ ምሥጢሩን ይፈታል፤ መንገዱን ያሳያል። ከጉባኤ ቃና የተነሣው ተማሪ ሦስት ስንኝ ወዳለው ዘአምላኪየ፣ አምስት ወዳለው ዋዜማ፣ ስድስት ወዳለው ሥላሴ እያለ ስምንት ስንኝ ያለው መወድስ እስኪደርስ ድረስ በየደረጃው ይወጣል። አለቃ ለማ ኃይሉ ስለዚህ ኑሮ በቃላቸው የተናገሩትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ጽፈው በ1959 ዓ.ም. መጽሐፈ ትዝታ በሚል ርእስ ስላሳተሙት፣ የተማሪውን ረኃብ፣ የመምህሩን ክብርና የቅኔውን ጣዕም ዛሬም ከአንድ የዓይን ምስክር አንደበት ማንበብ ይቻላል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነጥብ በዚያ ትምህርት ውስጥ ስልቶቹ ስም የነበራቸው መሆኑ ነው። ሰምና ወርቅ የተባለው መንገድ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ በአንድ ግሥ የሚያስር ነው፤ አንጥረኛ ጌጡን መጀመሪያ በሰም ቀርጾ በጭቃ ከሸፈነው በኋላ ሰሙን አቅልጦ በስፍራው ወርቅ እንደሚያፈስ፣ ባለቅኔውም የሚታየውን ምሳሌ ሰም፣ ሊናገር የፈለገውን ቁም ነገር ወርቅ ብሎ ይጠራዋል። ለምሳሌ «ዝናብ ትምህርት መሬት ልቡናን አለሰለሰ» ቢባል፣ ዝናብና መሬት ሰም ናቸው፤ ትምህርትና ልቡና ወርቅ ናቸው፤ «አለሰለሰ» የሚለው ማሰሪያ ደግሞ ዝናቡን ከመሬቱ፣ ትምህርቱን ከልቡናው ጋር እኩል ያስራል። ተማሪው ቅኔውን ሲፈታ እያንዳንዱ ሰም ወርቁን ማግኘቱን፣ ማሰሪያውም ለሁለቱም ወገን መስማማቱን መመርመር አለበት፤ አንዱ ሰም ያለ ወርቅ ቢቀር ቅኔው ጎደሎ ነው። ኅብር የሚባለው መንገድ በበኩሉ ሁለት ፍቺ ባለው በአንድ ቃል ላይ ይቆማል፤ «ንጉሡ እንቅልፍ ያጣው አልጋው አልመች ብሎት ነው» የሚል አነጋገር መኝታውንም መንግሥቱንም የሚያመለክተው አልጋ የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚሸከም ነው። ውስጠ ወይራ ደግሞ ላይ ላዩን ሲሰሙት ቀላል ሆኖ ምሥጢሩን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ሌላ ነገር የሚናገር ነው።

በዚህ ቦታ ለእንግሊዝኛው ክፍል ተማሪ እጅግ የሚጠቅም አንድ ታሪካዊ እውነት አለ። ሜታፎር የሚለው ስም ከአሪስቶትል ዘመን ጀምሮ ቢኖርም፣ የሜታፎርን ሁለት ወገኖች፣ ማለት ምሳሌ ሆኖ የቀረበውንና በምሳሌው የተነገረውን፣ ለየብቻ የሚጠራ የጸና ስም በእንግሊዝኛ አልነበረም፤ እንግሊዛዊው ሐያሲ አይ ኤ ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1936 በታተመው የሬቶሪክ ፍልስፍና በተባለው መጽሐፉ ተንታኞች ይህን ክፍፍል በስም ስላልለዩት ነገሩ እየተምታታባቸው መቆየቱን ገልጾ፣ የተነገረውን ቁም ነገር ቴነር፣ ምሳሌውን ቪሂክል ብሎ ሰየማቸው። የሪቻርድስ ቪሂክል ከባለቅኔው ሰም፣ ቴነሩም ከወርቁ ጋር ይገጥማል። አንድ የዋሸራ የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የሚለየውን ነገር የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት በስም የለየው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው ማለት ነው። ይህ ለኩራት ብቻ የሚነገር ነገር ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ልጁ በክፍሉ ሜታፎርን ተንትን ሲባል ሊጠቀምበት የሚችል ሙሉ መሣሪያ ነው፤ ሰሙን ለይ፣ ወርቁን ለይ፣ ሁለቱን የሚያስረውን ግሥ ፈልግ ማለት ለማንኛውም የእንግሊዝኛ ግጥም ይሠራልና።

ዘመናዊው ትምህርት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የቅኔ ቤቱን ስሞች ይዞ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በውጭ ቋንቋዎች ትምህርት ላይ ያተኮረ ነበረ፤ በዚያው ዓመት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ርእሱ ልብ ወለድ ታሪክ ስለ ነበረ፣ ያ ርእስ ከጊዜ በኋላ የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በ1950 የተቋቋመውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በመጀመሪያ የመሩት በሉሲየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ሲሆኑ፣ ማኅበራቸው በ1599 ባወጣው የትምህርት ሥርዓት ሬቶሪክ ለአንድ ሙሉ የክፍል ደረጃ ስም ሆኖ ይኖር ስለ ነበረ፣ የአውሮፓ የንግግር ጥበብ ስሞች ወደ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት የገቡት በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ከብዙ ዘመን ልማድ ጋር ነው። የዚያ ዘመን ተማሪ የእንግሊዝኛውን ግጥም በሜታፎርና በሲሚሊ ሲተነትን፣ የአማርኛውን ግጥም የሚተነትንበት የጋራ ስም አልነበረውም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተነሡት መካከል መንግሥቱ ለማ በሁለቱም ወገን የቆሙ ሰው ነበሩ፤ ከአባታቸው ቅኔን የሰሙ፣ በለንደንም የተማሩ ስለ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ አማርኛ ግጥም አሠራር የጻፉት ጥናት የስንኝን ልክ በቀለም ቆጠራ የመረመረ ነበረ። ቀለም በዚህ አገባብ አንድ ጊዜ በአፍ የሚነገር የድምፅ ክፍል ነው፤ በዚህ ልክ የወል ቤት በየሐረጉ ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ የቡሄ በሉ ቤትም አራት አራት ቀለም ያላቸው ሲሆኑ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተጠቀመበት ስምንት ስምንት ቀለም ያለው ልክ ደግሞ በስሙ የጸጋዬ ቤት ተብሎ ይጠራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ገጣሚ ደበበ ሰይፉም በ1973 ዓ.ም. የቴአትር ጥበብ ከጸሐፌ ተውኔቱ አንጻር የተባለውን መጽሐፍ ያሳተመ ሲሆን፣ ዛሬ ማንኛውም የአማርኛ ተማሪ የሚጠቀምባቸውን ገጸ ባሕርይ፣ ሴራና መቼት የተባሉትን ስያሜዎች በማስለመድ ስሙ ይነሣል፤ መቼት መቼና የት የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተጋጥመው ታሪኩ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ በአንድነት የሚጠሩበት ነው። በኋላም ዘሪሁን አስፋው የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን በሚለው፣ ብርሃኑ ገበየሁም የአማርኛ ሥነ ግጥም በሚለው መጽሐፋቸው ስያሜዎቹን ለተማሪ በሚመች መልክ አደራጅተዋቸዋል።

በዚህ ጥረት የተለመዱት የዘይቤ ስሞች ዛሬ በአማርኛ መማሪያዎች ውስጥ የጸኑ ናቸው። እንደ፣ ያህልና ይመስል በሚሉ ቃላት ሁለት ነገሮችን የሚያወዳድረው ተነጻጻሪ ዘይቤ ከሲሚሊ ጋር፣ ማወዳደሪያ ቃል ሳይጠቀም አንዱን ሌላው ነው የሚለው ተለዋጭ ዘይቤ ከሜታፎር ጋር፣ ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ የሚሰጠው ሰውኛ ዘይቤ ከፐርሶኒፊኬሽን ጋር፣ ከልክ በላይ የሚያገንነው ግነትም ከሃይፐርቦሊ ጋር ይገጥማሉ። በአካባቢው የሌለን ሰው ወይም ግዑዝ ነገርን ፊት ለፊት እንዳለ አድርጎ የሚጠራው እንቶኔ፣ እርስ በርሱ የሚቃረን የሚመስለውን እውነት የሚናገረው አያዎ፣ አፍ ከሚናገረው ተቃራኒውን የሚያስበው ምጸትም በዚያው ረድፍ ናቸው። አምሽቶ ለገባ ልጅ «ጎበዝ፣ በጊዜ መጣህ» የምትል እናት ምጸት እየተናገረች መሆኗን ልጁ ስሙን ሳያውቅ ያውቀዋል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ አይረኒ ሲለው የሚያስፈልገው ያንን የእናቱን ቃል ማስታወስ ነው።

ሆኖም እነዚህ ስሞች ሲዘጋጁ የተከተሉት ቅደም ተከተል የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅደም ተከተል ነበረ፤ ለእንግሊዝኛው ዝርዝር አቻ ቃል ተፈለገ፣ አብዛኛውም በጥሩ ሁኔታ ተገኘ፤ ሰምና ወርቅ፣ ኅብርና ውስጠ ወይራ ግን በዝርዝሩ ውስጥ እንደ ሌሎቹ ዘይቤዎች ከመግባት ይልቅ የአገር ቅርስ በሚል ለብቻቸው ተቀመጡ። በዚህ የተነሣ የአማርኛ ተማሪ ተለዋጭ ዘይቤን ሲማር ሰሙንና ወርቁን ለዩ አይባልም፤ ሰምና ወርቅን ሲማርም ይህ የተለዋጭ ዘይቤ ውስጣዊ አሠራር መሆኑ አይነገረውም። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ለመጽሐፉ ርእስ ሲመርጥ የአማራን ባህልና አስተሳሰብ ለማብራራት ስለ ተጠቀመበት፣ ቃሉ በውጭው ዓለም የሚታወቀው ከግጥም አሠራር ስም ይልቅ እንደ ሕዝብ ጠባይ መግለጫ ነው፤ ይህም መነጠሉን አባብሶታል።

ሁለተኛው ጉድለት ከስሙ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። በቅኔ ቤት ስሙ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነበረ፤ ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ቆጥሮ፣ ነግሮ፣ ታርሞ፣ ከዚያም መምህሩ ያደረገውን ነገር በስም ይጠራለት ነበር። በማጉፊ ዘመን የነበረው የኦሃዮ ልጅም ጽሑፉን በአፉ ያሰማ ነበር። በዛሬው ክፍል ግን በአዲስ አበባም በኮሎምበስም ስሙ ይቀድማል፤ ተማሪው የተዘጋጀለትን አንቀጽ አንብቦ ይህ የቱ ዘይቤ ነው የሚል ጥያቄ ይመልሳል፤ ራሱ አንድም ሜታፎር ሳይሠራ ሁሉንም ስሞች ሊያውቅ ይችላል። አሥረኛ ክፍል ደርሶ በእንግሊዝኛ ፈተና የሚቀመጠው ልጅ የዘይቤ ስሞችን ሸምድዶ ዘይቤው በአንቀጹ ውስጥ ምን ሥራ እንደ ሠራ መናገር ሲያቅተው ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ያጣው የመሥራትን ልምምድ ነው።

በኖርዝላንድ አካባቢ ያሉ ቤተሰቦች ለዚህ ችግር ከሌሎች ስደተኞች ይልቅ የተሻለ ሀብት አላቸው። በቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤቶችና በግል በሚሰጡ የአማርኛ ትምህርቶች ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ፤ ንባብ ይለማመዳሉ፤ በካርል ሮድ የሚገኘው የኮሎምበስ ሜትሮፖሊታን ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፍም ለሰፈሩ ልጆች ቅርብ ነው። አማርኛ የሚያስተምሩ ሰዎች ልጁ ፊደሉን እንዳወቀ በቀላል አማርኛ ሁለት ስንኝ እንዲሠራ፣ የሠራውን በጓደኞቹ ፊት እንዲናገርና እንዲታረም፣ ከዚያም ሰሙንና ወርቁን ለይቶ በሁለቱም ቋንቋዎች ስም እንዲጽፍ ቢያደርጉት፣ በእንግሊዝኛ ክፍሉ የሚጠየቀውን አስቀድሞ ሠርቶት ይገኛል። ቅኔ ቤት የተማሩና ዛሬ በአሜሪካ የሚኖሩ ካህናትና መምህራን ዕድሜያቸው እየገፋ ስለ ሆነ፣ የሁለቱን ልማዶች ስሞች ጎን ለጎን አድርጎ፣ ከነምሳሌውና ከነልምምዱ ለልጆች የሚያቀርብ አንድ አጭር መጽሐፍ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ከኮሎምበስም ሆነ ከአዲስ አበባ ሊዘጋጅ ይገባል።